ጥሪ አይሠራም፣ ጽሑፍ ብቻ

ሰኔ 14

ሐኪሙ «አትናደጂ» አለኝ። መጀመሪያ ያናደደኝ ራሱ ነው። ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ መነጽሩን አወለቀና እኔን ትቶ ባሌን እያየ ተናገረ። «ከዚህ በላይ ከወጣ ለእሷም ለጽንሱም አደጋ ነው። ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት።» አለምነህ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ እኮ! ገበያ እንደወጣች ላም በላዬ ላይ ተነጋገሩብኝ።

ይህ ሦስተኛ እርግዝናዬ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱንም በሰባተኛው ወር አጥቻለሁ። አሁን ሰባተኛው ወር ገባ። ሌላ ሌላውን የምጽፈው ይህን ላለማሰብ ነው።

ደብተር ግዢ ያለችኝ ነርሷ ናት። «ሰው ላይ ከምትጮሂ ወረቀት ላይ ጩሂ፤ ወረቀት አይከፋውም» አለች። ወደድኳት።

ከዛሬ ጀምሮ ጸጉር ቤቴ የምውለው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ከሰዓቱን ናዝራዊት ትይዘዋለች። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ቁልፌንም ምስጢሬንም አምኜ የሰጠኋት እሷ ናት።

ወንዴ ጠፋብኝ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከመተማ ጎንደር የጭነት መኪና ይነዳል። ማክሰኞ ጠዋት አይከል ደርሻለሁ ብሎ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ስደውል ዝግ ነው ይላል። ሲመጣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው።

ሰኔ 15

ጻፈ! «ዘመናይ፣ ደህና ነኝ። ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ስለተዘጋ ወደ መተማ ተመልሻለሁ። ጥሪ አይሠራም፣ ጽሑፍ ብቻ። አታስቢ።»

ዘመናይ! በስሜ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! ከልጅነታችን ጀምሮ «ዳኛዬ» ነው የሚለኝ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ አይቼ ስለምፈርድ። እውነትም እፈርዳለሁ። ሰው በሰላምታው ይታወቃል። የተጣላ አንገቱን ያዘነብላል፤ ሊለምን የመጣ የልጅን ጤና አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሊደብቅ የመጣ ደግሞ ሳቁ ይበዛል። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዤ በመስታወት ፊት ለፊት ሳየው ኖሬ ይህን ካላወቅሁ ምን ዋጋ አለኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ዘመናይ ያልከኝ? ዳኛዬ ማለት ረሳህ?» ብዬ መለስኩለት። ማታ «ይቅርታ ዳኛዬ» አለ። ወንዴና ይቅርታ! በረሃው አንጎሉን ሳይነካው አልቀረም።

ሰኔ 18

የጸጉር ቤቱን በር ስከፍት ወሬው ተቋረጠ። ጸጉሯን ልታደርቅ ካስክ ውስጥ የነበረችው ሳትቀር አንገቷን መዝዛ አየችኝና መልሳ ቀበረችው። አንዷ ደንበኛዬ ልትስመኝ መጥታ አልለቅም አለች። «ምነው? ልትሞቺ ነው?» ብላት ዓይኗ ውኃ ሞላ። ናዝራዊት የጸጉር መተኮሻውን ፒያስትራ እንዳበራች ወደ ጓዳ ገባች፤ ጸጉር ሊቃጠል ምንም አልቀረው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ እኔ የሚወራ ነገር አለ። እኔ ብቻ አልሰማሁትም።

ሰኔ 22

እማዬ ከአገር ቤት፣ ከትክል ድንጋይ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። «ጉንፋን ነው ልጀ፤ ክረምቱ ገባ አይደል» አለች።

መቼ ትመጫለሽ አልኳት። እግሬን አሞኛል አለች። በፊተኞቹ ጊዜ ገና ስድስተኛ ወሬ ሳይሞላ ቅቤውንና የገብስ ዱቄቱን አሸክማ ከች ያለች ሴት ናት። ለሞቱት መጣች፣ ለዚህኛው እግሯን አመማት። «ወንዴስ ደወለልሽ?» ብላት «ጽፎልኛል ብለሽኝ የለ? ሸጋ ነው፤ ምን ይሆናል ብለሽ» አለችና ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። እናቴ ሰው ሲናፍቃት አትስቅም።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የገዛ እናቴ።

ሰኔ 27

የአለምነህን ነገር ልጻፈው እንግዲህ። ከዚህ በፊት ያልጻፍኩት ስጽፈው እውነት እንዳይሆንብኝ ነው።

ባሌ አስተማሪ ነው፤ ቃሉን ሁሉ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ይመጣል። እቤት «እሺ» እና «ደህና ነሽ?» ነው። ይህን አውቄ ነው ያገባሁት። አሁን ግን ዝምታው ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት የፈተና እርማት ብሎ ሁለት ቀን ከቤት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጢሙን ለቆታል። ያችን ጥቁር ሹራብ ከላዩ አያወልቃትም። ቁርስ አይቀመጥም። ዛሬ ደግሞ ከጸጉር ቤት ቀድሜ ስመጣ ከናዝራዊት ጋር አጥር ጥግ ቆመው አገኘኋቸው። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ትከሻዋን ይዟል። ሲያዩኝ ተለያዩ። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች። የጥርስ ሐኪም ሆነ እንግዲህ ባሌ!

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሁለቱም ፈረሶቼ ናቸው።

መናደድ ተከልክያለሁ። ልጄ ሲራገጥ እጄን አደርግበትና «አንተ እንኳ አታታልለኝ» እለዋለሁ።

ሐምሌ 7

ለማን ልንገር? ለወንዴ ጻፍኩለት። «አለምነህ ከናዝራዊት ጋር ሳይሆን አይቀርም። ቁርስ እንኳ አብሮኝ አይበላም። ጢሙን ለማን እንዳሳደገው እንጃ። ያናግረኛል ብዬ ስጠብቅ ይመሻል።»

ከሰዓት በኋላ መለሰልኝ። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ዳኛዬ፣ በዚህኛው ተሳስተሻል። ያ ሰው ሌላ ሴት የለውም። ካንቺ ጋር ሲቀመጥ አፉ ላይ የሚመጣው ሁሉ ትንሽ ይሆንበታል፤ ትንሽ ነገር ልስጣት እንዴ ብሎ ይውጠዋል። ሌሊት ስትተኚ ትንፋሽሽን ያዳምጣል። ጠልቶሽ አይደለም፣ ፈርቶ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህ ወሬኛ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚጽፍ? ድሮ የሚጽፍልኝ «ቋንጣ አለ?» ብቻ ነበር። ደግሞ ትንፋሼን እንደሚያዳምጥ በምን አወቀ? ወንዶችም ሲቀመጡ ያወራሉ ማለት ነው።

ሐምሌ 8

አለምነህ ጢሙን ተላጨ። ቁርስም ተቀምጦ በላ፤ እንቁላሉን ልጦ ወደ እኔ ገፋልኝ። ወንዴ ጽፎለት መሆን አለበት። ወንድም ማለት እንዲህ ነው! እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ያልቻልኩትን እሱ መተማ ሆኖ ቻለው።

ግን ናዝራዊትን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ሐምሌ 13

አያ አድማሴን ታዘብኳቸው። የግቢያችን በር ላይ ድንጋይዋን ይዘው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሳልፍ «ዘመናይ፣ ዛሬ ስንቷን ልታሳምሪ ነው?» ካላሉኝ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ከሰኔ ጀምሮ ይህን ትተዋል። ሳልፍ ከድንጋያቸው ይነሳሉ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ለእኔ ሲነሳ! ዛሬ «አያ፣ ምነው እንደ ጳጳስ ተነሱልኝ?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ኮፍያቸውን አወለቁና «ማርያም ትፍታሽ፤ ማርያም በሰላም ትፍታሽ» አሉኝ።

ባሏ የሚማግጥባትን ሴት እንዲህ ነው የሚያዝኑላት። ውርደቴ ሽማግሌ ያስነሳ ጀመር።

ሐምሌ 19

አለምነህ ዛሬ ትክል ድንጋይ ደርሶ መጣ። እናትሽን ልያት ብሎ ነው የሄደው። እኔም ልሂድ ብል መንገዱ ያንገላታሻል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ከፋኝ።

አመሻሽ ላይ በአገልግል እንጀራና ዶሮ ወጥ ይዞ ገባ። የተዝካር ነው አለ። የማን ተዝካር ብለው «የጎረቤት ልጅ ነው፤ አርባው ነው» አለ። ነፍስ ይማር ብዬ ጎረስኩ። ገና ስጎርሰው አወቅሁት፤ የእማዬ እጅ ነው። ቁሌቱን እንደዚያ የምታበስል ሌላ ሴት የለችም። ለጎረቤት ልጅ ተዝካር ቆማ ወጥ ትሠራለች፤ ለእኔ ሲሆን እግሯን ያማታል! ይህን ለአለምነህ ነገርኩት። ሲያዳምጠኝ ቆይቶ ወደ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ጭስ ነው አለ። ማን እሳት አንድዶ?

በንዴት ሁሉንም በላሁት። ጨው በዝቶበታል።

ነሐሴ 4

ሰባተኛው ወር አለፈ። ጻፍኩት፤ ይኸው። ልጄ አለ። ይራገጣል።

ከሰው ሁሉ የቀረኝ ወንዴ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጽፋል። ሲመሽ ጸጉር ቤት የገጠመኝን እነግረዋለሁ፤ ማን ምን እንደለበሰች፣ ማን ባሏን ምን እንዳለችው። እሱም ይስቃል፣ ይመልሳል። አንዳንዴ ሲያፌዝብኝ ልክ እንደ ወንዴ አይደለም፣ ለስለስ ይላል። ሰው ብቻውን ሲሆን ይለሰልሳል መሰለኝ።

ትናንት ማንንም ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት። ሁለቱን ልጆቼን የቀበራቸው አለምነህ ነው። እኔ ራሴን ስቼ ነበር፤ በኋላም የት እንደሆነ ልጠይቀው አልደፈርኩም፣ እሱም አልነገረኝም። «አንተ ታውቀዋለህ?» አልኩት ወንዴን።

«አውቀዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ትልቋ ወይራ ሥር ናቸው። ጎን ለጎን። ጎርፍ እንዳይወስዳቸው አለምነህ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮላቸዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ሄዶ ያስተካክለዋል። ሁለተኛዋ ጸጉሯ ብዙ ነበር፤ እንዳንቺ።»

ጸጉሯ ብዙ ነበር። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ግን የሚያምም ለቅሶ አልነበረም። ስንት ዓመት የቆየ ነገር ከጉሮሮዬ ወረደ። ወንዴ ባይኖር ኖሮ እኔ ምን እሆን ነበር?

ነሐሴ 17

መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ናዝራዊት፣ አያ አድማሴና አለምነህ በሩ ላይ ቆመዋል። አያ አድማሴ «እስክትገላገል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን ማደር የለበትም» አሉ። አለምነህ «እሺ» አለ። ናዝራዊት «እኔ ከዚህ በላይ ፊቷን ማየት አልችልም» አለች።

ገባኝ። ስገላገል ሊተወኝ ነው። ሽማግሌውንም አስማምተዋቸዋል። ልጁን ታቅፌ በዚህ ቤት ብቻዬን ልቀር ነው።

ለወንዴ ጻፍኩለት። «አይተውሽም» አለ። ይህችን ብቻ።

አንዳንዴ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል። ሲመጣ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ሆዴ ምንም አያውቅም። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ብቻ ነው።

ነሐሴ 28

ግፊት ወጣ። አልጋ ላይ። ብርሃን አልወድም። አለምነህ እግሬን ያሻል። ለምን ያሻል፣ ሊሄድ አይደል?

ጳጉሜ 3

ሴት። ደህና ናት። ትጮኻለች!

እልልታው ተጀምሮ መሀል ላይ ተቆረጠ፤ አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። የደስታ ነው አሉኝ። ይሁን። ልጄ አለች። ሌላውን ነገ እናደዳለሁ።

ጳጉሜ 5

ወንዴ የለም።

ሰኔ 10 ነው የሞተው።

ሰኔ 10።

መስከረም 3

ልጅቷ ተኝታለች። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ያመልጠኛል፣ እነሱም በራሳቸው መንገድ አስተካክለው ይነግሩኛል። ከእንግዲህ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

አራስ ስለሆንኩ አልጋዬ በመጋረጃ ተከልሏል። ጳጉሜ 5 ቀን ቀትር ላይ ልጅቷ ጡት ይዛ አንቀላፍታለች። አለምነህ ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተኛሁ መስሎታል። ለወንዴ «ወለድኩ። ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምስኪን» ብዬ ላክሁለት።

በመጋረጃው ክፍተት አለምነህ ይታየኛል። እጁን ወደ ሹራቡ ውስጥ ሰደደና ስልክ አወጣ። የራሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ይህ ሌላ ነው። አነበበ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ይነካካ ጀመር። እጁን ሲያነሳ ስልኬ ነዘረ። «እልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ ዳኛዬ። አፍንጫዬን ስሚልኝ።»

አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ አላውቅም። «አሁን የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። እያየሁት አነበበው። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። «መተማ» የሚል መጣልኝ።

«ቀና በል» ብዬ ላክሁለት።

ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ የጮህኩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። አያ አድማሴ በከዘራቸው እየሮጡ መጡ። መርዶውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለነገሩ ምን የሚነገር ቀረ? «ልጀ፣ ለሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከአይከል ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ማኪናው ተገለበጠ። አልተሰቃየም።» አልተሰቃየም! ለሟች ሁሉ የምትባል ቃል ናት። ናዝራዊት ጥቁሯን ለብሳ ገብታ እግሬ ላይ ወደቀች። ጥቁሩን ከሰኔ ጀምሮ እኔ ስወጣ ትለብሰው፣ ስገባ ታወልቀው ነበር። ደረቴን ልመታ ስል ሴቶቹ እጄን ያዙኝ፤ አራስ ነሽ፣ ወተትሽ ይበላሻል አሉ። ለወንድሜ ማልቀስ እንኳ በልክ ሆነብኝ። ውጭ አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች መጥተው አያ አድማሴ መለሷቸው።

በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ፣ እማዬ መጣች። ነጠላዋ ሲንሸራተት ጸጉሯ የለም። ተላጭታ ገና ማቆጥቆጡ ነው። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፤ የስንት ወር እንደሆነ አየሁት።

«አንችም?» አልኳት። «እግሬን አሞኛል ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«ይህን ራስ ይዠ እንዴት ልምጣ ልጀ? ባሳይሽ ምን ልትሆኚ?»

«ትስቂልኝ ነበር። በስልክ ትስቂልኝ ነበር!»

«አዎ እስቃለሁ። ውኃ ጠጥቸ፣ ጉሮሮየን ጠራርጌ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ካቆምሁበት አለቅሳለሁ። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ አንችን ልድገም?»

የተንሸራተተውን ነጠላዋን መለስኩላት። ግን አላቀፍኳትም። ጨው በዝቶበታል ያልኩት ወጥ የወንድሜ ተዝካር ነበር። አርባውን ያበላችኝ እናቴ ናት። ተዝካሩን በልቼ ነፍስ ይማር ያልኩት ለጎረቤት ልጅ ነው።

ለአለምነህ ደግሞ ትከራከርለታለች። «ከአርባው በፊት ጢሙን ተላጭቶ መጣ፤ ሰው ስንቱን አለው። እሷ ከፋት ብሎ ነው አለኝ» ትላለች። እኔ ለወንዴ ብዬ የጻፍኩትን አንብቦ ነው የተላጨው።

መስከረም 12

ስልኬ ላይ በወንዴ ስም ያለውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

የወንዴ የራሱ የመጨረሻው ቃል «አይከል ነኝ። ማር ልያዝልሽ?» የሚል ነው። «ያዝ» ብዬ መልሼለት ነበር። በቃ። ወንድሜና እኔ በዚህ ተለያየን።

ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የአለምነህ ነው። ዳኛዬ በለኝ ያልኩት ባሌን ነው። ባሌን ያማሁት ለባሌ ነው። ስለ ናዝራዊት ያልኩትን ሁሉ አንብቦ፣ ፊቴ ተቀምጦ እንቁላል ልጦልኛል። የሟች ወንድሜን አፍ ለብሶ ልቤን በረበረው። ይህን የመሰለ ክህደት ጠላትም አያደርገው። ገላዬን ያየ ሰው ነው፤ ያ አልበቃውም?

ሰፈሩም እንዲሁ። የሳሙኝ፣ የተነሱልኝ፣ የመረቁኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። ሰውን በሰላምታው አውቀዋለሁ እል ነበር። ሁሉም በየሰላምታው ነገረኝ፤ እኔ ግን ውርደት አድርጌ አነበብኩት። ዳኛ ሞታለች።

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ፤ ለማንም አልናገረውም። የወይራዋን ጽሑፍ ላጠፋ ፈልጌ አልቻልኩም። ጸጉሯ ብዙ ነበር፣ እንዳንቺ። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሕይወት አለ፣ ሳሎን ተቀምጧል። ሁለት ሰው ነው ያጣሁት። አንዱ ወንዴ ነው። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ ይጽፍልኝ የነበረው ነው። የወንዴ ይገባኛል፤ እንባ አለው። የሁለተኛውን እንዴት እንደማለቅሰው አላውቅም።

መስከረም 19

ከዚያ ቀን ወዲህ አለምነህን አንድ ቃል አላናገርኩትም። ገንፎውን ያቀርባል፣ ጨርቅ ያጥባል፣ እማዬን ያግዛል። በቀን ስንቴ መጋረጃው ጋ ይመጣና አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ይዘጋዋል። የድሮው አለምነህ ተመልሷል።

ዛሬ ከሰዓት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። የወንዴን ስልክ ይዞ መጣና ትራሴ አጠገብ አስቀምጦ ዞረ። አንስቼ ወረወርኩለት፤ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ የራሴን አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ለምን?»

ወንበሩ ላይ የወደቀው ነዘረ። አየው። ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ሲነካካ ቆየ። ልጅቷን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወርኳት፣ እሱ ገና ይጽፋል።

«ወንዴን ቀብሬ የመጣሁት ልነግርሽ ነበር። ቃሉን መንገድ ላይ ሳጠና ነው የመጣሁት። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰማን። ዘመናይ፣ ሁለቱን የቀበርኩ እኔ ነኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ሦስተኛ ጉድጓድ መቆፈር አቃተኝ። ስልኩን ከዕቃው ጋር ሰጥተውኝ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ልጽፍ ነበር። አንቺ መለስሽ። እኔን እንዲህ አናግረሽኝ አታውቂም። እኔም አናግሬሽ አላውቅም። ማቆም አልቻልኩም። ለልጅቷ ብዬ ጀመርኩት፤ በኋላ ለራሴ ነው። ይህን ነው የበደልኩሽ።»

አነበብኩት። አንጀቴ አልራራም አልልም። ግን ይቅር አላልኩትም፤ አሁንም አላልኩትም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «በእሱ ስም የጻፍከውን ሁሉ በገዛ አፍህ ታነብልኛለህ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ አንድም ሳታስቀር። ዛሬ ካላለቀ ነገ፣ ነገ ካላለቀ ከነገ ወዲያ። እስክትጨርስ ድረስ የምፈርደው የለም።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። መጥቶ መጋረጃው ጋ ቆመ፤ አልገለጠውም። ጥላው ጨርቁ ላይ አረፈ። ጉሮሮውን ጠረገ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን እንዴት እንደሚያናግር አላውቅም፤ የእኔ ቤት ውስጥ ግን ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

«ዘመናይ፣ ደህና ነኝ» ብሎ አነበበ።

እዚያ ላይ ቆመ። ልጅቷ ጡቷን ትታ ወደ ድምፁ ዞረች። ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት፤ ቃሉን ሊያልፈው አልቻለም። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መተማ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ውሸቱ ነው። እንባዬ ልጅቷ ግንባር ላይ ወረደ፣ ጠረግሁላት።

«ቀጥል» አልኩት።